ሳንባቸው ያልታመመ ሕሙማን፦ ኮፐንሀገን፣ 1952

እ.ኤ.አ. በ1952 የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሀገን ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገጠማት። በአገራችን የልጅነት ልምሻ የሚባለው ይህ በሽታ ያጠቃቸው ሰዎች የሚወሰዱት ብሌግዳም ወደተባለው የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ነበር። ወረርሽኙ በተፋፋመበት ጊዜ በቀን እስከ 50 ሰው ይገባ ነበር፤ ከጁላይ መጨረሻ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ 2,722 ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ 866ቱ ሽባነት ደረሰባቸው፤ 316ቱ ደግሞ መተንፈስ ወይም መዋጥ ተስኗቸው ልዩ እርዳታ የሚሹ ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መዝገብ ልብ ይሰብራል። በመተንፈሻ መሣሪያ ከታገዙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ሆስፒታሉ የነበረው ከአንገት በታች መላ ሰውነትን የሚውጥ አንድ የብረት ሳንባ እና ደረት ላይ ብቻ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ነበሩ። ሐኪሞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ዋና ሐኪሙ ሄንሪ ላሰን በዘርፉ የታወቁ ሰው ነበሩ። ያም ሆኖ ሕሙማኑ በዓይናቸው ፊት ያልቁ ነበር።

በትምህርት ቤት የመተንፈሻ አካላትን የምንማረው ሁለት ሳንባዎች መሃል ላይ ጎልተው ከሚታዩበት ሥዕል ነው። ተማሪው ከፈተና በኋላ የሚያስታውሰውም ሳንባን ብቻ ነው። በብሌግዳም የሞቱት ሰዎች ግን በሽታው ሲይዛቸው ሳንባቸው ደህና ነበር። የተበላሸው ሳንባን የሚያገለግለው ሌላው ሁሉ ነው፤ አዛዡ፣ ሠራተኛው፣ በር ጠባቂው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከዚህ ጉዳይ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ከሠራተኛው እንጀምር። ሳንባ ራሱን የሚነፋበት ጡንቻ የለውም። ሥራው የሚሠራለት ከሥሩ ተዘርግቶ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ነው። ድያፍራም ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፤ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ደግሞ የጎድን አጥንቶቹን ወደ ላይና ወደ ውጭ ይስባሉ። የደረት ክፍተት ይሰፋል፣ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ አየርም ከውጭ ይገባል። የአንጥረኛ ወናፍ እጀታው ሲከፈት አየር እንደሚስበው ማለት ነው። ጡንቻዎቹ ሲላሉ ሳንባ በራሱ የመለጠጥ ባሕርይ ተሰብስቦ አየሩን ያስወጣል፤ ዐርፎ የተቀመጠ ሰው አየር ለማስወጣት ጉልበት አያወጣም።

ድያፍራም ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንገት ከሚነሱ ነርቮች ነው፤ ከሦስተኛው፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው የአንገት ነርቭ። የፖሊዮ ቫይረስ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን ጡንቻ አንቀሳቃሽ የነርቭ ሕዋሳት ያጠፋል። እግርን የሚያዝዙት ሲጠፉ እግር ይልማል፤ ጥፋቱ ወደ ደረትና ወደ አንገት ሲወጣ ወናፉ ይቆማል።

ከዚህ የከፋ መልክም ነበረው። ቫይረሱ ከኅብለ ሰረሰር በላይ ወዳለው የአንጎል ግንድ ሲደርስ የመዋጫ ጡንቻዎች ይዝላሉ። ጉሮሮ የምግብና የአየር መንገድ የሚተላለፉበት መስቀለኛ ቦታ ነው። በምንውጥበት ቅጽበት ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፣ ክዳኑ ይደፋበታል፣ የድምፅ አውታሮቹ ይገጥማሉ፤ ምራቅም ሆነ ጉርሻ ወደ ኋላ ወዳለው የምግብ ቧንቧ ይሄዳል። አንድ ጠብታ ስታ ወደ አየር ቧንቧ ብትገባ ሳል ያስወጣታል። ሳልም ቢሆን የጋራ ሥራ ነው፦ በጥልቀት መሳብ፣ የድምፅ አውታሮችን መዝጋት፣ በሆድ ጡንቻ መግፋት፣ ከዚያ በድንገት መክፈት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሳል የለም። ሰው በቀን ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ምራቅ ያመነጫል። የብሌግዳም ሕሙማን ያንን መዋጥም መትፋትም ማሳልም አይችሉም ነበር። በራሳቸው ምራቅ ይሰጥሙ ነበር ማለት ማጋነን አይደለም።

የብረት ሳንባው ያልጠቀመውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1928 ፊሊፕ ድሪንከርና ባልደረቦቻቸው ቦስተን ላይ ሥራ ላይ ያዋሉት ይህ መሣሪያ ሕመምተኛው ከአንገቱ በታች የሚገባበት ትልቅ ሲሊንደር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ ደረት ይሰፋል፣ አየር በአፍና በአፍንጫ ይገባል። ድያፍራሙ ብቻ ለሰነፈ ሰው ይህ ሕይወት አድን ነው። ጉሮሮው ለሰነፈ ሰው ግን መሣሪያው በሳበ ቁጥር ከአየሩ ጋር ምራቁንና አክታውንም ወደ ሳንባ ይስባል። ደረት ላይ የሚታሰሩት ትንንሾቹ መሣሪያዎች ደግሞ ከመጀመሪያውም ጉልበታቸው ያነሰ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንምጣ። የሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ በሕሙማኑ ደም ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ለክቶ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኝ ነበር። አብዛኛው የዚህ ጋዝ ክፍል በደም ውስጥ የሚጓዘው ባይካርቦኔት የሚባል ውሕድ ሆኖ ስለሆነ ሐኪሞቹ ቁጥሩን የደም አልካሊነት (የአሲድነት ተቃራኒ) ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የሜታቦሊዝም፣ ማለትም የሰውነት ኬሚካላዊ ሥራ፣ መዛባት መሰላቸው። ሕሙማኑ ያልባቸዋል፣ የደም ግፊታቸው ይወጣል፣ ራሳቸውን ይስታሉ፣ ይሞታሉ። ይህም ቫይረሱ አንጎልን ስለጨረሰ ነው ተባለ። ኦክስጅን ይሰጣቸው ስለነበር ብዙዎቹ ከንፈራቸው አልጠቆረም። ትንፋሽ የጎደለው ሰው ደግሞ ይጠቁራል ተብሎ ይታሰባል።

ሞጌንስ ብዮርነቦ የተባሉ የሆስፒታሉ ሐኪም ለላሰን አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ የሰመመን ሕክምና ባለሙያ እንጥራ አሉ። በዚያ ዘመን ሰመመን ሰጪ ሐኪም ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ በተላላፊ በሽታ ሆስፒታል ምክር ይሰጣል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። የተጠሩት ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሠለጠኑት የ36 ዓመቱ ዶክተር ብዮርን ኢብሰን ነበሩ። ዶክተር ኢብሰን መዝገቡን አዩ፣ የአስከሬን ምርመራ ተመለከቱ፤ ሳንባዎቹ አየር ሊገባባቸው የሚችሉ ሆነው አገኟቸው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያውቁት ነገርም ነበር፦ በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው በበቂ ካልተነፈሰ ያልበዋል፣ የደም ግፊቱም ይወጣል። በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠራቀም ነው። እዚህ አልጋ ላይ የሚታየው ምልክትም ያው ነበር። አንጎል አልቆ ሳይሆን የተቃጠለው አየር መውጫ አጥቶ ነው ሰዎቹ የሚሞቱት ብለው ደመደሙ።

ከንፈር ቀይ ሆኖ ሰው በካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዴት ይሞታል? መልሱ ያለው በሳንባ ቅርጽ ውስጥ ነው። ትራኪያ የሚባለው የአየር ቧንቧ ከማንቁርት ሥር ተነሥቶ ለግራና ለቀኝ ሳንባ ይከፈላል። ቅርንጫፎቹ ደጋግመው እየተከፈሉ፣ እየቀጠኑ ሄደው በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ የአየር ከረጢቶች ያበቃሉ። የጋዝ ልውውጡ የሚካሄደው እነዚህ ከረጢቶች ላይ ነው፤ ግድግዳቸው እጅግ ስስ ነው፣ ዙሪያቸውን በቀጫጭን የደም ሥሮች ተከበዋል፣ ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። ከከረጢቶቹ በፊት ያለው መንገድ በሙሉ መተላለፊያ ብቻ ነው። አንድ ጤነኛ አዋቂ ዐርፎ ሲተነፍስ በአንድ ጊዜ ወደ 500 ሚሊ ሊትር አየር ያስገባል። ከዚህ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ አፍንጫን፣ ጉሮሮንና ቧንቧዎቹን ሞልቶ ይቀርና ከደም ጋር ሳይገናኝ ተመልሶ ይወጣል። ወደ ከረጢቶቹ የሚደርሰው 350 ነው። በደቂቃ 12 ጊዜ ቢተነፍስ 4.2 ሊትር ይሆናል።

ጡንቻው ደክሞ ትንፋሹ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ቢወርድስ? መተላለፊያው ያንኑ 150 ይወስዳል፤ ለከረጢቶቹ የሚተርፈው 50 ብቻ ነው። ሰውየው በደቂቃ 30 ጊዜ ቢያለከልክ እንኳ ከረጢቶቹ የሚያገኙት 1.5 ሊትር ነው። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፤ መሣሪያው ይሠራል፤ ከአልጋው አጠገብ የቆመ ሰው ይተነፍሳል ብሎ ያስባል። ኦክስጅን የበዛበት አየር ከተሰጠው ይህች ትንሽ መጠን የኦክስጅን ፍላጎቱን ትሸፍንለታለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በሌላ መንገድ አይቀነስም፤ የሚወጣው ወደ ከረጢቶቹ በገባና በወጣ አየር ልክ ነው። መተንፈስ ማለት ማስገባት ብቻ ነው ብለን የምናስብ ሁሉ ይህን ስሌት ብናየው እላለሁ። በጤናማ ሰው የአንጎል ግንድ ትንፋሽን የሚያፈጥነውና የሚያዘገየው በዋናነት በካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ላይ ተመሥርቶ ነው። እዚህ አዛዡ ቢጮህም የሚሰማው ጡንቻ አልነበረም።

ኦገስት 27 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 21 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ ዶክተር ኢብሰን ሐሳባቸውን በአንዲት ሕመምተኛ እንዲያሳዩ ተፈቀደላቸው። የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። እጅና እግሯ አይንቀሳቀስም፣ የግራ ሳንባዋ ተሟሽሿል፣ ትኩሳቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ፊቷ ጠቁሯል፣ በራሷ ምራቅ ታፍናለች። በአካባቢ ማደንዘዣ አንገቷ ከማንቁርት በታች ተከፈተና ዙሪያውን የሚነፋ ቀለበት ያለው የጎማ ቱቦ ትራኪያዋ ውስጥ ገባ። ቀለበቱ ሲነፋ የቱቦውን ዙሪያ ይደፍናል፤ ከላይ የሚወርደው ምራቅ ወደ ሳንባ አያልፍም፣ ከታች የሚገፋው አየርም ወደ አፍ አያመልጥም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልተሳካም። ልጅቷ ራሷን ሳተች፤ ቧንቧዎቿ ተኮማትረውና በአክታ ተዘግተው ስለነበር አየሩ አልገባ አለ፤ እሷም ትታገላለች። ሊያዩ ከመጡት ሐኪሞች አንዳንዶቹ አበቃ ብለው ክፍሉን ለቀው ወጡ። ዶክተር ኢብሰን ፔንቶታል የተባለውን የሰመመን መድኃኒት ሰጧት። ትግሏ ቆመ፣ የራሷ ትንፋሽም ቆመ፤ አሁን እሳቸው ሊተነፍሱላት ቻሉ። ከቱቦው ጋር የተያያዘውን የጎማ ከረጢት በእጃቸው ሲጨምቁ ደረቷ ተነፋ። አክታው በቀጭን ቱቦ ተመጠጠ። ቀስ በቀስ ጥቁረቷ ለቀቃት፣ ላቧ ደረቀ፣ የደም ግፊቷ ወረደ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚደንቅ ነው። ሕመምተኛዋ ተሻላት ብለው አላቆሙም፤ ምክንያቱን አረጋገጡ። መጭመቁን ሲቀንሱ ከትንፋሿ የሚለካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨመረ፣ ላቧና የደም ግፊቷ ተመለሰ። ወደ በቂ መጠን ሲመልሱት ሁሉም ጠፋ። ደረት ላይ ወደሚታሰረው መሣሪያ ሲያዛውሯት እንደገና ባሰባት፤ ወደ እጅ ስትመለስ እንደገና ተሻላት። በአንዲት ልጅ አልጋ አጠገብ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ በሽታው አንጎልን ስለበላ ነው የሚለው ማብራሪያ ወደቀ። ልጅቷ ተርፋ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ኖራለች።

አንገት ላይ የተከፈተችው ያቺ ቀዳዳ የመተላለፊያውን ግማሽ ያህል አሳጠረች፤ ያ ጥቅም ነው። ነገር ግን አፍንጫን ማለፍ ዋጋ አለው። አፍንጫ አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ በፀጉሩና በንፍጡ አቧራ ይይዛል። በቱቦ በቀጥታ የሚገባ ደረቅ ጋዝ አክታን ያደርቅና ቧንቧውን ይደፍናል። የትራኪያን ውስጥ የሸፈኑት ሲሊያ የሚባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች አክታን ያለማቋረጥ ወደ ጉሮሮ የሚገፉት እርጥበት ሲኖር ነው። ስለዚህ በኮፐንሀገን የሚሰጠው ግማሽ በግማሽ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ድብልቅ እርጥበት እየተጨመረበት ነበር። ሕሙማኑ የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድም ተመልሶ እንዳይሳብ የሚመጥጠው ኖራ አዘል ውሕድ በቱቦውና በከረጢቱ መካከል ተቀምጧል። ድምፅ ደግሞ ከናካቴው ቀረ። የድምፅ አውታሮቹ ከቀዳዳው በላይ ስለሆኑ አየር አይደርሳቸውም፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ እንባ እንጂ ድምፅ አልነበረም።

አንድ ልጅ በእጅ ማስተንፈስ ይቻላል። ሰባ ሰውስ? በወረርሽኙ ከፍታ በአንድ ጊዜ እስከ 70 ሕሙማን በዚህ መንገድ ይተነፍሱ ነበር፣ ቀንና ሌሊት። ላሰን አንዴ ካመኑ በኋላ ያሳዩት ቆራጥነት ሊመሰገን ይገባል፤ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን ጠሩ። በአጠቃላይ 1,500 ያህል ተማሪዎች በየፈረቃው ተቀመጡ፤ ድምሩ 165,000 ሰዓት ደረሰ። በደቂቃ 20 ጊዜ ቢጨመቅ አንድ ተማሪ በሰዓት 1,200 ጊዜ እጁን ይከፍታል፣ ይዘጋል ማለት ነው። ድያፍራም ግን ደመወዝ ሳንከፍለው ይህን ሥራ ተኝተንም ሳይቀር ይሠራልናል።

ተማሪው የሚገባውን አየር የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም። የነበሩት እጁና ዓይኑ ናቸው። ከረጢቱ በመዳፉ ውስጥ ሲከብድ፣ አልጨመቅም ሲል፣ ቧንቧው በአክታ ተይዟል፤ መምጠጥ ያስፈልጋል። የሕመምተኛው ደረት በአንድ ወገን ብቻ ሲነሣ ቱቦው ርቆ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚስተው ወደ ቀኝ ነው፤ የቀኙ ቅርንጫፍ ሰፋ ያለና ወደ ታች ቀጥ ያለ ስለሆነ ቱቦም ሆነ ሕፃንን ትን ያለው ኦቾሎኒ ወደዚያው ያዘነብላል። ግንባሩ ላብ ሲያወጣ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ እጅ ማፍጠን ወይም በጥልቀት መጭመቅ ይገባል። በሆስፒታሉ ቤተ ሙከራ ፖል አስትሩፕ የደምን አሲድነት እየለኩ ሥራውን ይደግፉ ነበር። አልካሊነት የተባለው ነገር በእርግጥ አሲድነት እንደነበር የእሳቸው ልኬት አረጋገጠ፤ ዛሬ በየጽኑ ሕሙማን ክፍሉ የሚሠራው የደም ጋዝ ምርመራ ከዚያ ሥራ ያደገ ነው።

የሞት መጠኑ በመጀመሪያ ከነበረበት 87 በመቶ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። አርባ በመቶ ትንሽ አይደለም። ለአንዳንዶቹ ቫይረሱ በእርግጥም የደም ግፊትንና የልብን ሥራ የሚቆጣጠረውን የአንጎል ክፍል አጥፍቶት ነበር፤ ለሌሎቹ ደግሞ አክታ የዘጋው የሳንባ ክፍል ለኢንፌክሽን ተጋለጠ። ወናፉን መተካት ይቻላል፤ ከወናፉ በላይም በታችም ያለው ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ አይተካም። ዶክተር ኢብሰን በዲሴምበር 1953 በኮፐንሀገን ማዘጋጃ ቤት ሆስፒታል አንድ ክፍል ከፈቱ፤ ትንፋሻቸውና የደም ዝውውራቸው አደጋ ላይ የወደቀ ሕሙማን ሌት ተቀን በአንድ ቦታ የሚጠበቁበት ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው ከዚያ ይነሣል። በስዊድን ደግሞ ካርል ጉናር ኤንግስትሮም አየር ወደ ሳንባ የሚገፋ ማሽን ሠርተው የተማሪዎቹን እጅ ተኩ።

የእጁ ሥራ ግን አልቀረም፤ እኛም ዘንድ ደርሷል። የኮፐንሀገን ተማሪዎች ከረጢት ከሲሊንደር ጋዝ ካልመጣለት አይሞላም ነበር። ሄኒንግ ሩበን የተባሉ የዴንማርክ የሰመመን ሐኪም ከኢንጂነሩ ሆልገር ሄሰ ጋር ሆነው ሲለቀቅ በራሱ የሚሞላ ከረጢት ሠሩ፤ በ1956 ለገበያ ቀረበ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አምቡ ባግ የሚባለው ይኸው ነው። የማስተንፈሻ ማሽን ሳይገኝ ሲቀር፣ ወይም ሕመምተኛው በአምቡላንስ ሲጓጓዝ፣ ነርሷ የምትጨምቀው እሱን ነው። ልቡ እየመታ ትንፋሹ ለቆመ አዋቂ በየ6 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ፣ ለልጅ ደግሞ በየ2 ወይም 3 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ይጨመቃል፤ ደረት በሁለቱም ወገን ከፍ ሲል ማየት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ መግፋት አያስፈልግም። በጭንቀት እጅ ሲፈጥን የገባው አየር ሳይወጣ ሌላው ይደረብበታል፤ ደረት ውስጥ ግፊቱ ይወጣል፣ ወደ ልብ የሚመለሰውም ደም ያንሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጭመቃ በኋላ ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ መልቀቅና ደረቱ እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል።